ረመጡን የዳፈነው እጅ

ጋሽ ታምሩ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። የወጣትነት ዘመናቸውን በሶቪየት ኅብረት ጊዜ፣ ሞልዶቫ ውስጥ በትምህርት አሳልፈዋል። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ስለሆኑ የእሁድ ከሰዓት ቡናቸውን የሚጠጡት አጥር ከምትጋራቸው ከህሊና ጋር ነው። ህሊና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ታስተምራለች። በዚህ እሁድ ለተማሪዎቿ ስለ ትራንስኒስትሪያ የምታዘጋጀውን ገለጻ ይዛ መጣች። እሳቸው ደግሞ አንዲት አራት ማዕዘን አረንጓዴ ፕላስቲክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይጠብቋት ነበር።

ህሊና፦ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት ጋሼ? የልጆች መጫወቻ ትመስላለች።

ጋሽ ታምሩ፦ ገንዘብ ናት። ሦስት ሩብል። የትራንስኒስትሪያ ባንክ በ2014 ያወጣው የፕላስቲክ ሳንቲም ነው፤ ክቡ አንድ፣ አራት ማዕዘኑ ሦስት፣ ባለ አምስት ማዕዘኑ አምስት፣ ባለ ስድስቱ አሥር። ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ። እዚያ የኖርኩትን በእኛ አቆጣጠር ልናገር ስል ይደበላለቅብኛል።

ህሊና፦ እንዴት እጅዎ ገባች?

ጋሽ ታምሩ፦ በ2018 ኅዳር ላይ አብረን የተማርን ሰዎች ተሰባስበን ነበር። አንዱ ጓደኛዬ የሚኖረው የትራንስኒስትሪያ ዋና ከተማ ቲራስፖል ነው። ሳልጠይቀው ብመለስ ይቀየመኛል ብዬ ከሞልዶቫ ዋና ከተማ በሚኒባስ ሄድኩ። 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቤንደር የምትባል ከተማ ስንደርስ ፓስፖርቴን ተቀበሉኝና ማኅተም ሳይመቱበት መለሱልኝ፤ በምትኩ ደረሰኝ የምታክል ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። የድኒስተር ወንዝ ድልድይ አጠገብ ባንዲራቸውን የሰቀሉ የሩሲያ ወታደሮች ቆመዋል። ቲራስፖል ሻይ ጠጥቼ መልስ ሲሰጡኝ ይቺ አብራ መጣች። ማታ ተመልሼ ምንዛሪ ቤት ሳሳያት፣ ልጅቷ በጥፍሯ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ መለሰቻት። ጠዋት ሻይ የገዛ ገንዘብ ማታ የሸሚዝ ቁልፍ ሆኖ አደረ።

ህሊና፦ ገለጻዬን ከእሷ ብጀምር ይሻለኝ ይሆን? የእኔ አጀማመር እንዲህ ነው፤ "ሞልዶቫ በሩማንያና በዩክሬን መካከል ያለች ትንሽ አገር ናት። በአብዛኛው ከድኒስተር ወንዝ በስተምሥራቅ፣ የዩክሬንን ድንበር ተከትሎ እንደ መቀነት የተዘረጋው መሬቷ ትራንስኒስትሪያ ይባላል። ከ1990 ጀምሮ ራሱን የቻልኩ አገር ነኝ ይላል። የራሱ ፕሬዚዳንት፣ ፖሊስ፣ ገንዘብ፣ ማጭድና መዶሻ ያለበት ባንዲራ አለው። ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ግን አንድም እውቅና የሰጠው የለም። ነገሩ የቀዘቀዘ ግጭት ተብሎ ይታወቃል።"

ጋሽ ታምሩ፦ ሁሉም ደህና ነው። "የቀዘቀዘ" የሚለው ግን አልጣመኝም።

ህሊና፦ የመማሪያ መጻሕፍቱ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት።

ጋሽ ታምሩ፦ የቀዘቀዘ ነገር ማንም ሳይነካው ይቀዘቅዛል። እናቴ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰው ነበር። እሳቱን ማጥፋቷ አልነበረም፣ ለነገ ማሳደሯ ነበር። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ጣል ታደርግበትና እፍ ስትለው ይያያዛል። እዚያም ያየሁት ይህንኑ ነው። የተዳፈነ እሳት በይው።

ህሊና፦ ከተዳፈነ፣ የዳፈነ አለ ማለት ነው። ወደ ሞስኮ ሊወስዱኝ ነው።

ጋሽ ታምሩ፦ እወስድሻለሁ፤ ግን እሳቱን ያነደደው ማን እንደሆነ ሳንነጋገር አይደለም። እኔ ዋና ከተማዋ ኪሺኔቭ በነበርኩበት...

ህሊና፦ ቺሺናው ማለትዎ ነው።

ጋሽ ታምሩ፦ እኔ የማውቃት በሩሲያኛ ስሟ፣ ኪሺኔቭን ነው። አየሽ፣ የከተማዋ ስም እንኳ የጠቡ አንድ ክፍል ነው። ሩሲያኛ ለመልመድ አንድ ዓመት ሙሉ አሳሬን በልቻለሁ። በ1989 ከመኝታ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት ታፔላ ወረደ። ቃሉ ያው ነው፣ "ዳቦ" ነው የሚለው፣ አነባበቡም አልተለወጠም። ፊደሉ ብቻ ከሩሲያው፣ ሩማንያ ወደምትጽፍበት ወደ ላቲኑ ዞረ። ለሞልዶቫኑ ጓደኛዬ የተቀማ ፊደሉ የተመለሰለት ቀን ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየሁት። ከወንዙ ማዶ ከሚመጣው ከሌላው ጓደኛዬ ጋር ግን ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እሱ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ዩክሬናዊት፣ ራሱ የፋብሪካ ሰፈር ልጅ ነው። "ነገ ሩማንያ ይውጠናል፣ እኔ በተወለድኩበት አገር ማንበብ የማልችል መሃይም እሆናለሁ" ይል ነበር። ፍርሃቱን ሞስኮ አልፈጠረችለትም። የራሱ ነበር።

ህሊና፦ ፊደሉን የመለሰው የቋንቋ ሕግ የወጣው በ1989 ኦገስት 31 ነው። በዓመቱ፣ በ1990 ሴፕቴምበር 2፣ ቲራስፖል ተገነጠልኩ አለች። ፍርሃቱ እውነተኛ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን ፍርሃት ብቻውን ታንክ አይነዳም። ሶቪየት ስትፈርስ 14ኛው ጦር ከነመሣሪያው እዚያው ቀረ፤ ዋና ሠፈሩም ቲራስፖል ነበር። በ1992 ጦርነቱ ሲነሳ የጦሩ መሣሪያ ወደ ተገንጣዮቹ እጅ ገባ። ጁን ላይ ቤንደር ስትነድ ጄኔራል አሌክሳንደር ሌቤድ ደርሶ ጦሩን ተረከበ፤ መድፉም ፍርዱን ሰጠ። የሞተው ሰው ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2004 በኢላሽኩ መዝገብ የወሰነው ይህንኑ ነው፤ የቲራስፖል አስተዳደር የቆመውም የሰነበተውም በሩሲያ የጦር፣ የገንዘብና የፖለቲካ ድጋፍ ስለሆነ ሩሲያ ተጠያቂ ናት አለ።

ጋሽ ታምሩ፦ ስለዚህ ሁለታችንም ልክ ነን። እንጨቱ የእነሱ፣ አመዱ የሞስኮ።

ህሊና፦ እኔን የሚገርመኝ ተኩስ የቆመበት ወረቀት ነው። በ1992 ጁላይ 21 ሞስኮ ላይ የፈረሙት ቦሪስ የልትሲንና የሞልዶቫው ፕሬዚዳንት ሚርቻ ስኔጉር ናቸው። ጠበኞቹ ቺሺናውና ቲራስፖል ከሆኑ የሩሲያው ፕሬዚዳንት ፊርማ እዚያ ምን ይሠራል? ጠቡ የማንና የማን እንደነበረ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። የሚገርመው ግን ያው ፈራሚ በማግስቱ ሰላም አስከባሪ ሆነ፣ ሲሰነብት አደራዳሪም ሆነ።

ጋሽ ታምሩ፦ በእኛ አገር ገላጋይና ሽማግሌ ይለያያሉ። ሁለት ሰው ሲደባደብ መሃል ገብቶ ዱላ የሚቀማ ገላጋይ ነው። ማንም ይሁን፣ መንገደኛም ቢሆን ግድ የለም፤ አመስግነን እንሸኘዋለን። ሽማግሌ ግን ተመርጦ ይቀመጣል፤ በነገሩ ውስጥ እጅ የሌለው መሆኑ ተጣርቶ ነው። ለአንዱ ወገን ዋስ የሆነ ሰው፣ ወይም በጠቡ መሬት ላይ ከብት ያሰማራ ሰው፣ ሽማግሌ ልሁን ቢል "አንተ ባለጉዳይ ነህ" ተብሎ ይነሳል። ሩሲያ ገላጋይ ሆና ገባች፣ ሽማግሌ ነኝ ብላ ተቀመጠች፣ ለቲራስፖል ዋስ ሆነች፣ ከብቷንም አላስወጣችም።

ህሊና፦ ከብቱን በቁጥር ላምጣልዎት። ዛሬም 1,500 ገደማ የሩሲያ ወታደር አለ፤ ብዙዎቹ ግን የሩሲያ ፓስፖርት የወሰዱ የአካባቢው ልጆች ናቸው። በሰሜን፣ ዩክሬን ድንበር ላይ፣ ኮባስና የምትባል መንደር አለች። በአውሮፓ ከሚታወቁት ትልልቅ የጥይት መጋዘኖች አንዱ እዚያ ነው፤ ከሶቪየት ዘመን የተረፈ 20,000 ቶን ያህል ጥይትና ፈንጂ ተከማችቶበታል። በ1999 ኢስታንቡል ላይ ሩሲያ እስከ 2002 መጨረሻ ጦሯን ጠቅልላ ልትወጣ ቃል ገብታ ነበር። የሞልዶቫ ሕገ መንግሥትም በምድሩ ላይ የውጭ ጦር አይቀመጥም ይላል።

ጋሽ ታምሩ፦ አልወጣችም።

ህሊና፦ የተወሰነ መሣሪያ አስወጥታ አቆመች። እንዲያውም በ2003 ኅዳር ላይ ድሚትሪ ኮዛክ የሚባለው የክሬምሊን ሰው የእርቅ ሰነድ ይዞ መጣ። ሞልዶቫ ፌዴሬሽን ትሆናለች፣ ቲራስፖል ትልልቅ ሕጎችን መሻር የምትችልበት ድምፅ ታገኛለች፣ የሩሲያ ጦርም ለዓመታት ይቆያል የሚል ነበር። የሞልዶቫው ፕሬዚዳንት ቮሮኒን ሊፈርሙ ተቃርበው ነበር። ፑቲን ለፊርማው ሊመጡ ሲጠበቁ ቮሮኒን በመጨረሻው ሰዓት እምቢ አሉ። ያስቡት እንግዲህ፣ ቮሮኒን ኮሚኒስት ናቸው፣ ለሞስኮም ባዕድ አልነበሩም። እሳቸው እንኳ ፈሩት።

ጋሽ ታምሩ፦ የሽማግሌው ዳኝነት እርቁ ካለቀ በኋላም ሽማግሌው ቤታችሁ ይደር የሚል ስለነበረ ነዋ! እኔ ግን ሁሌ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ሞስኮ ይህን ያህል ከወደደቻቸው ለምን እውቅና አትሰጣቸውም? በ2006 ሕዝበ ውሳኔ አድርገው 97 ከመቶው ነጻ ሆነን ወደ ሩሲያ እንጠቃለል አለ ተብሎ ታወጀ። ሞስኮ ዝም። በ2008 ከጆርጂያ ጋር ተዋግታ አብኻዚያንና ደቡብ ኦሴቲያን አወቅሁ ስትል ቲራስፖልን ዘለለቻት። ጓደኛዬ በዚህ ነገር እስካሁን ሆዱ ይቆስላል።

ህሊና፦ ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ትራንስኒስትሪያ ተቆርጣ ብትወጣ ሞልዶቫ መሬት ታጣለች፤ ግን ነጻ ትወጣለች። በማግስቱ ወደፈለገችበት ትሄዳለች። ትራንስኒስትሪያ በሞልዶቫ ውስጥ፣ ግን ከሞልዶቫ እጅ ውጭ ሆና ስትቆይ ነው እጀታ የምትሆነው። የእጀታ ጥቅሙ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ ሲቆይ ነው። ተነቅሎ ከወጣ ምን ያነሱበታል?

ጋሽ ታምሩ፦ ይህን ለጓደኛዬ አልነግረውም። እጀታ ነህ የሚባል ሰው ደስ አይለውም።

ህሊና፦ ይቅርታ፣ ሰዎቹን ማቃለሌ አልነበረም።

ጋሽ ታምሩ፦ ገብቶኛል። ግን እንደ ዕቃ ብቻ እንዳታያቸው ብዬ ነው። ከውጭ ሲያዩት እጀታ ቢሆንም ውስጡ የሰው ኑሮ አለ። ጓደኛዬ ቤት ያየሁትን ላጫውትሽ። ኅዳር ነው፣ ውጭው ብርድ ነው። እቤት ስገባ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግድግዳው ላይ ያለው ማሞቂያ አይነካም፣ እንደ ምጣድ ግሏል። "ለምን አትቀንሰውም?" አልኩት። "መቀነሻ የለውም፤ ቢኖረውስ ለምን ብዬ? ሂሳቡ ኪስ አይነካም" አለኝ። ወንዙን ተሻግሬ ኪሺኔቭ ያለችው የክፍል ጓደኛችን ጋ ስሄድ ደግሞ ሹራብ ደርባ፣ ሁለት ክፍል ዘግታ፣ ወጥ ቤት ተቀምጣ አገኘኋት። የጋዝ ሂሳቧን አውጥታ አሳየችኝ። በ70 ኪሎ ሜትር ልዩነት አንዱ ሙቀት በመስኮት ይጥላል፣ ሌላዋ ክፍል ትዘጋለች። ሰንደቅ ዓላማ ምን ይሠራል፣ ያ ማሞቂያ በቂ የፖለቲካ ትምህርት ነው።

ህሊና፦ ያ ማሞቂያ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎት። ጋዝፕሮም ጋዙን የሚሸጠው ሞልዶቫጋዝ ለሚባል ኩባንያ ነበር። የኩባንያው ግማሽ ድርሻ የጋዝፕሮም የራሱ ነው። ወደ ቲራስፖል ለሚሄደው ጋዝ ነዋሪው በርካሽ ይከፍል ነበር፤ ብሩን ግን የአካባቢው አስተዳደር ለበጀቱ ይይዘው ነበር እንጂ ወደ ላይ አይልከውም ነበር። ያልተከፈለው ሁሉ በሞልዶቫጋዝ መዝገብ ዕዳ ሆኖ ይጻፍ ነበር። ሲጠራቀም 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ጋዙን ያነደደው ቲራስፖል፣ የዕዳው ደብተር ቺሺናው፣ አበዳሪው ሞስኮ። አበዳሪውም እንዲህ ለዓመታት ጋዙን መላኩን ቀጠለ።

ጋሽ ታምሩ፦ "በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ማለት ይኼ ነው።

ህሊና፦ በሬው ግን ቲራስፖል ብቻ አይደለችም። ድኔስትሮቭስክ ከተማ ላይ ኩቹርጋን የሚባል የኃይል ማመንጫ አለ። በ1964 ነው የተገነባው፤ በ2005 ኢንተር ራኦ የተባለው የሩሲያ ኩባንያ ገዛው። በዚያ ባልተከፈለበት ጋዝ ኤሌክትሪክ ያመነጭና ለሞልዶቫ ይሸጥ ነበር። ሞልዶቫ ለብዙ ዓመታት አብዛኛውን መብራቷን የገዛችው ከዚያ ነው፤ ርካሽ ነበራ። ክፍያው የሚሄደው ደግሞ ወደ ቲራስፖል ኪስ ነበር።

ጋሽ ታምሩ፦ ጠበኛዋን ራሷ ስትቀልብ ኖረች በይኛ።

ህሊና፦ በየወሩ፣ በደረሰኝ። ከሩማንያ የሚመጣው ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር እንኳ በዚያው ጣቢያ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ ሶቪየቶች ሲዘረጉት ድንበር ይሆናል ብለው አላሰቡም። ስለዚህ "ኃያሉ ጎረቤት ግጭቱን አስሮ ያዘው" ስንል ገመዱን የያዙት ብዙ እጆች መሆናቸውን መርሳት የለብንም። ሸሪፍን ያውቁታል?

ጋሽ ታምሩ፦ የማያውቀው ማን አለ! ሱፐርማርኬቱ ሸሪፍ፣ ነዳጅ ማደያው ሸሪፍ፣ ስታዲየሙ ሸሪፍ። ሁለት የቀድሞ የጸጥታ ሰዎች በ1993 የመሠረቱት ኩባንያ ነው። ጓደኛዬ "አገራችን ሁለት ባንዲራ አላት፣ አንዱ ማጭድና መዶሻ፣ ሌላው የሸሪፍ ኮከብ" እያለ ይቀልዳል።

ህሊና፦ በ2021 ሴፕቴምበር ላይ የእግር ኳስ ቡድናቸው ማድሪድ ሄዶ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 አሸነፈ። ያ ቡድን ሻምፒዮንስ ሊግ የገባው የሞልዶቫ ሻምፒዮን ተብሎ ነው። ከአገሪቱ ተገንጥያለሁ የሚል ከተማ ቡድን በዚያችው አገር ስም ይጫወታል። ለኳስም ሆነ ለንግድ የሞልዶቫ ማኅተም ያስፈልገዋላ። ከአውሮፓ ጋር የተደረገው የነጻ ንግድ ስምምነት በ2016 እነሱንም ሲያቅፍ ሸቀጣቸውን በብዛት ወደ ምዕራብ መላክ ያዙ። ሌላም ልጨምርልዎት፤ ያንን ድል ያስገኘው አሠልጣኝ ዩሪ ቨርኒዱብ ዩክሬናዊ ነበር። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ክለቡን ትቶ አገሩ ገባና ከዩክሬን ጦር ተሰለፈ።

ጋሽ ታምሩ፦ ይህንን ተማሪዎችሽ አይረሱትም። እስቲ እኔ ደግሞ የሙያዬን ልጨምር፣ ስለ ወይን። የሞልዶቫ አፈር ጥቁር ነው፣ በእጅሽ ብትጨብጪው ቅባት ያለው ይመስላል። ገበሬው ወይኑን በክረምት ይገርዛል፣ በመከር ይለቅማል፣ ሶቪየት ከፈረሰ በኋላም የሚሸጠው በአብዛኛው ለሩሲያ ነበር። በ2006 ሞስኮ "ወይናችሁ ለጤና አይስማማም" ብላ ገበያዋን ዘጋች። ያው ወይን ነው፣ ያው በርሜል ነው፣ ትናንት ሲጠጡት የነበረ ነው። በ2013 ቺሺናው ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ልትፈራረም ስትል እንደገና ዘጋች። የወይን እርሻ እንደ ጤፍ በዓመቱ አይገለበጥም፤ አንዱ ተክል ሠላሳ ዓመት ይኖራል። ገበሬውን መያዝ የፈለገ በተክሉ ይይዘዋል።

ህሊና፦ ለቲራስፖል ጋዙ በነጻ፣ ለቺሺናው ገበያው ዝግ። በአንድ እጅ ማጉረስ፣ በሌላው ማስራብ።

ጋሽ ታምሩ፦ ውጤቱ ግን እነሱ እንዳሰቡት አልሆነም። ወይን ጠማቂዎቹ መጀመሪያ ከሰሩ፣ ከዚያ ጥራቱን አሻሽለው ወደ አውሮፓ መሸጥ ጀመሩ። የተዘጋ በር ሌላ በር ያስከፍታል።

ህሊና፦ እስካሁን ሞስኮን ስንከስ ዋልን። እስቲ ጠበቃ ልሁንላት። ከ1992 ወዲህ ጦርነት የለም። ሰው ድልድዩን ይሻገራል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ይጋባል። በእነዚያ ወታደሮች ፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰላም ነው። ይህ ምንም አይደለም ሊባል ነው?

ጋሽ ታምሩ፦ ትልቅ ነገር ነው እንጂ። ጦርነት ያየ ሰው ይህን አያናንቅም። እኛም ከኤርትራ ጋር ከ2000 እስከ 2018 ሰላምም ጦርነትም በሌለበት ኖረናል፤ ሰው በየቀኑ አለመሞቱ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ፣ ቤተሰብ ተለያይቶ መቅረቱም ምን ያህል እንደሚያንገበግብ እናውቃለን። እኔ የምለው፣ ገላጋይ ዱላ ስለቀማ ይመስገን፤ ግን እርቅ ከወረደ እንጀራው የሚቀርበት ሽማግሌ እርቅ ያወርዳል ብለሽ አትጠብቂ።

ህሊና፦ ገላጋዩ ሲደክመውስ? በአዘርባጃን ውስጥ አርመኖች ይኖሩበት የነበረውን ናጎርኖ ካራባኽን ይመልከቱ። በ2020 ከተደረገው ጦርነት በኋላ 2,000 ያህል የሩሲያ ሰላም አስከባሪ ገባ። አርመኖቹ በእሱ ተማምነው ተቀመጡ። በ2023 ሴፕቴምበር አዘርባጃን በአንድ ቀን ውጊያ ጉዳዩን ጨረሰች። ሩሲያ ዩክሬን ላይ ተጠምዳ ነበር። ከ100,000 በላይ አርመናዊ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ጥሎ ወጣ።

ጋሽ ታምሩ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ዋስ ሲሸሽ ባለዕዳው ይያዛል።

ህሊና፦ ለቲራስፖልም ያ ቀን የደረሰ መስሎ ነበር። አንድ ነገር ካርታ ላይ ልብ ይበሉ፤ ሩሲያና ሞልዶቫ አይዋሰኑም። መሃላቸው ዩክሬን አለች። በ2022 ወረራው ሲጀመር ዩክሬን ድንበሩን ዘጋች፣ ትራንስኒስትሪያም በሞልዶቫ በኩል ካልሆነ መውጫ አጣች። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የሩሲያን ጋዝ በዩክሬን የሚያሳልፈው ውል አበቃ። ጋዝፕሮም በቱርክና በባልካን በኩል መላክ ይችል ነበር፤ "ሞልዶቫ 709 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አለባት" ብሎ በ2025 ጃንዋሪ 1 ዘጋው። ሞልዶቫ ደግሞ በውጭ ኦዲተሮች አስመርምራ ከዚያ ውስጥ የተረጋገጠው 8.6 ሚሊዮን ብቻ ነው ትላለች።

ጋሽ ታምሩ፦ በጃንዋሪ አጋማሽ ደወልኩለት። የከተማውን ቤት ዘግቶ የአባቱ ገጠር ቤት ገብቷል፤ እዚያ የእንጨት ምድጃ አለ። ካፖርቱን ለብሶ የተገረዘ የወይን ጭራሮ እያነደደ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ፋብሪካ ቆሟል፣ መብራቱ በፈረቃ ነው፣ ኩቹርጋንም የተረፈውን ድንጋይ ከሰል እያነደደ ነው የሚንፈራገጠው። "እኮ ሞስኮስ?" አልኩት። "አትረሳንም" አለኝ። ቆየት አለና "ልጄ ከኪሺኔቭ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልካልኛለች፤ መብራት ስለሌለ ዕቃ አስቀምጬበታለሁ" ብሎ ሳቀ። አየሽ፣ ልጁ የምትሠራው ወንዙን ተሻግራ ነው። ወንድ ልጁ ሞስኮ ነው። የእሱ መሳቢያ ውስጥ የሁለቱም አገር ፓስፖርት አለ።

ህሊና፦ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት።

ጋሽ ታምሩ፦ እኔ ልልሽ ስል ቀደምሽኝ። ይህን ተረት በየሳምንቱ ቡና ይዘሽልኝ ስትመጪ አስበዋለሁ። ሞስኮ ለእነሱ የሩቅ ዘመድ ናት፤ ትወዳቸዋለች፣ ስጦታ ትልካለች፣ በዓል ሲሆን ትደውላለች። ሌሊት ሲያማቸው የሚያንኳኩት ግን የሌላ ሰው በር ነው።

ህሊና፦ ታዲያ በሩ ሲከፈትስ ገቡ? የአውሮፓ ኅብረት በ20 ሚሊዮን ዩሮ አጣዳፊ ጋዝ ገዝቶ ላከ፤ ፌብሩዋሪ 1 ላይ ማሞቂያው ተመለሰ። ቀጥሎ ሰፋ ያለ እርዳታ ከነቅድመ ሁኔታው ሲቀርብ ግን ቲራስፖል አልፈልግም አለች። በምትኩ አንድ የሃንጋሪ ኩባንያ ጋዙን ያቀርባል፣ ዱባይ የተመዘገበ ሌላ ኩባንያ ይከፍላል፣ ገንዘቡ ከሩሲያ ብድር ነው ተባለ።

ጋሽ ታምሩ፦ እጁ ተመለሰ። አመዱን ግን አሁን በሦስት ሰው እጅ እያሳለፈ ነው የሚያለብሰው።

ህሊና፦ እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት እጁ ይነሳ የሚል ነው። ጦሩ ይውጣ፣ አሸማጋዩ ይቀየር፣ ሞልዶቫም ከራሷ ዜጎች ጋር ትነጋገር።

ጋሽ ታምሩ፦ መልካም። ግን ረመጥ ላይ ውኃ ቸልሰሽ ታውቂያለሽ? ጉልቻው ይሰነጠቃል። እሳት የሚጠፋው በትነው፣ ቀስ ብለው ነው። ጓደኛዬ ጡረታው ላይ ከሩሲያ የምትጨመርለት አለች። ልጆች የተማሩበት ዲፕሎማ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የጋዙ ዋጋ አለ። ነገ "ተዋሐድን" ተብሎ የኪሺኔቭ የጋዝ ሂሳብ ቢመጣበት በማግስቱ ሞስኮ ናፈቀችኝ ይላል። ግማሽ ሚሊዮን የማይሞላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ሠላሳ ክረምት ሙሉ መስኮት ከፍቶ ነው የኖረው።

ህሊና፦ መበተኑ እንደሚቻል ግን ምልክት አለ። ጉራ ብኩሉይ ላይ ድኒስተርን የሚያሻግር ድልድይ አለ፤ በጦርነቱ ጊዜ ተመትቶ፣ ተጠግኖም ለመኪና ሳይከፈት ለዓመታት ቆሞ ነበር። በ2017 ኅዳር ከፈቱት። በዓመቱ ውስጥ ስለ ዲፕሎማ፣ ስለ መኪና ታርጋ፣ ስለ ገበሬዎች መሬት፣ በላቲን ፊደል ስለሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ተስማሙ። ታላላቆቹ ስለ ባንዲራ ሲጨቃጨቁ እነዚህ ስለ ታርጋ ተግባቡ።

ጋሽ ታምሩ፦ እሱን ገለጻሽ ውስጥ አስገቢው። ፊደል ነው ያጣላቸው፤ በፊደልም ጉዳይ መስማማት እንደቻሉ ተማሪ ይወቀው።

ህሊና፦ ሳንቲሟን ልዋሳት? ለተማሪዎቼ ላዙርላቸው።

ጋሽ ታምሩ፦ ውሰጃት፤ ብቻ እንዳትጠፋብሽ። ጓደኛዬን ስጠይቀው ሻይ ልጋብዝባት ነው።

ህሊና፦ እስከዚያ ብትሻርስ?

ጋሽ ታምሩ፦ ብትሻር እሱ ይጋብዘኛል።

ህሊና፦ በሞልዶቫ ሌይ ነው ወይስ በሩሲያ ሩብል?

ጋሽ ታምሩ፦ እሱንማ ያቺ የምንዛሪ ቤት ልጅ ናት የምትነግረኝ። አሁን ሦስተኛውን ቅጂ፣ ፍሙ ሳይከስም።